ሲባጎው የሚነሣበት ሰዓት

ቼስተር ኖቪክ በዚያ ግድግዳ ላይ ሥራ በገባ በአምስተኛው ሳምንት፣ በደረት ኪሱ የያዛቸው የግንበኞች ማኅበር የድጋፍ ካርዶች አንዳቸውም ሳይፈረምባቸው የኪሱን ቅርፅ ይዘው ጎብጠው ነበር።

ግድግዳው በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ በቡፋሎ ከተማ ምዕራባዊ ሰፈር የሚሠራ ባለ አራት ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ የውጭ ግንብ ነው። ግንበኞቹ ቼስተርን ጨምሮ ሃያ ሁለት ናቸው። ሥራው ሦስተኛውን ፎቅ አልፏል። ከሐይቁ የሚነሣው ከባድ በረዶ ከመውረዱ በፊት፣ ማለትም በኖቬምበር ማብቂያ፣ የመጨረሻው ጡብ ይቀመጣል፤ በማግስቱም ሰዎቹ መሣሪያቸውን በየባልዲያቸው ከትተው በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ያልፈረመ ሰው ለከርሞ እዚያው ቦታ ላይ ይገኝ ነበር። የግንበኛ ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም፤ ግድግዳው ባለቀ ቀን ጓደኝነቱም ያልቃል። ማኅበሩ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሠራተኛ ካልፈረመ ማመልከቻ አያስገባም። ስለዚህ ለቼስተር የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር፤ ለማኅበሩ የቀረው ጊዜም ከዚያ ብዙ እንደማይበልጥ በልቡ ያምን ነበር።

የግንበኞች ማኅበር በዚያች ከተማ በአንድ ወቅት ሰባት መቶ አባላት ነበሩት። አሁን በወርኃዊው ስብሰባ የሚገኙት ዘጠኝ ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ የሚመጡት ከስብሰባው በኋላ ለሚደረገው የካርታ ጨዋታ ነው። በኦገስት ወር ስብሰባ ላይ ቼስተር ተነሥቶ «ደብዳቤ መጻፍ ይብቃን፤ ግንበኛው ወዳለበት ሄደን እናነጋግረው» ሲል፣ ሊቀ መንበሩ ኖርበርት ጆሮው ላይ ያለውን የመስሚያ መሣሪያ አስተካከለ።

«የት ነው ያለው?» አለ።

«ማኅበር የሌለበት ግድግዳ ላይ ነዋ! በዚህ ከተማ ከሚሠራው አሥር ግድግዳ ዘጠኙ ላይ።»

«እና በስልሳ አንድ ዓመትህ እዚያ ገብተህ ልትቀጠር ነው?»

«አዎ።»

«ትከሻህስ?»

«ትከሻዬም አብሮኝ ይቀጠራላ።»

አዳራሹ ሳቀ። ኖርበርትም «እንግዲያው ሂድ፤ የቀብሩን አበባ እኛ እንችላለን» አለው። የማኅበሩ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ቀልድ ይወዱ ነበር። ቼስተር ግን እየቀለደ አልነበረም፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ውሃ ልኩንና ቱንቢውን ይዞ ሄዶ ተቀጠረ።

የጡብ ግንብ የሚሠራው በሲባጎ ነው። በግድግዳው ሁለት ጫፎች ሁለት ማዕዘን ያዦች ይቆማሉ። እነዚህ ማዕዘኑን በቱንቢና በውሃ ልክ አስቀድመው ካወጡ በኋላ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥራሉ፤ ሌሎቹ ግንበኞች በመወጣጫው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው ጡባቸውን በሲባጎው ልክ ይደረድራሉ። ረድፉ ሲሞላ ማዕዘን ያዦቹ «ተነሣ!» ብለው ይጠራሩና ሁለቱም ጫፋቸውን አንድ ጡብ ያህል ከፍ ያደርጋሉ። ሥራው በዚህ መልክ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ማኅበሩ ብርቱ በነበረበት ዘመን፣ በተጻፈ ሕግ ሳይሆን በልማድ፣ የመጨረሻው ሰው የመጨረሻ ጡቡን ሳያስቀምጥ ሲባጎ አይነሣም ነበር።

በዚህ ግድግዳ ላይ ግን የሚሠራው ሌላ ልማድ ነው። ፎርማኑ ኬስለር ሲባጎው ፈጣኖቹ እንደ ጨረሱ እንዲነሣ አዟል። የዘገየው ሰው ጉድለቱ ከሲባጎው በታች ይቀርበታል፤ ሌሎቹ አዲሱን ረድፍ ሲጀምሩ እሱ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን በሲባጎው ሥር አሾልኮ፣ ያለፈውን ይሞላል። ግንበኞቹ ይህን «መቀበር» ይሉታል። በቀን ደጋግሞ የተቀበረ ሰው ዓርብ ዕለት ባልዲውን ይዞ ይሰናበታል።

በሐይቁ በኩል ያለውን ማዕዘን የያዘው ቼስተር ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ኬስለር «አንሣ» ባለው ቁጥር አነሣ። ይህን ያደረገው በጭካኔ አልነበረም፤ አስቦበት ነው። ስለ ማኅበር ያወራን ሠራተኛ ማባረር ሕግ ይከለክላል፤ ሥራ አጓተተ ብሎ ማባረርን ግን የሚከለክል የለም። ስለዚህ ካርዶቹ እስኪፈረሙ ድረስ ኬስለር ሰበብ እንዳያገኝበት፣ በምሳ ሰዓት እየተናገረ በሥራ ሰዓት እንደ ታዘዘው መሥራትን መረጠ። ይህ ለእሱ ጥንቃቄ ነበር።

በዚያ ግድግዳ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚቀበሩት ኤላዲዮ ማይሶኔት ነበሩ። ከፖርቶ ሪኮ ደሴት የመጡ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም እንጂ ጡባቸው እንደ ተሣለ ቀጥ ያለ ነው። የአገራቸው ልጆች «ዶን ኤላዲዮ» ብለው በአክብሮት ስለሚጠሯቸው፣ ሌላውም ሰው እንደዚያው ይጠራቸው ነበር።

በዚያ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ቼስተር እንደ ልማዱ በጡብ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ ሳንድዊቹን በአንድ እጁ ይዞ፣ ስለ ማኅበሩ ይናገር ጀመር። ከጎኑ የሚሠራው ትሬንት፣ በፍጥነቱ የታወቀ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ ተነሣ።

«ጳጳሱ መጡ፤ ኮፍያ አውልቁ! ቅዳሴው ተጀመረ።»

«ቅዳሴ አይደለም» አለ ቼስተር። «ወንድሞቼ፣ የምለው አንድ ነገር ነው። አንድ ላይ ከቆምን…»

«አንድ ላይ ነው የቆምነው» አለ ትሬንት። «መወጣጫው ጠባብ ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለንም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ቼስተርም ፈገግ አለ፤ ካርዶቹን ግን ማንም እጁን ዘርግቶ አልጠየቀውም። ዶን ኤላዲዮ የሚያቃጥል የሥር ቅመም በደንብ የተቀባበት የሥጋ ዳቦአቸውን እየቆረሱ ወደ ሐይቁ ይመለከቱ ነበር።

ማምሻውን፣ መሣሪያ በሚታጠብበት በርሜል አጠገብ፣ ሮሼል ቲብስ ቆማ አገኛት። ሮሼል በመንገዱ በኩል ያለውን ማዕዘን የምትይዝ የአርባ አራት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ነች፤ በእጇ ጥራት ላይ ክርክር የሚገጥማት ሰው አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ብነግርህ ትቀየማለህ?» አለችው።

«ካልነገርሽኝ ነው የምቀየም።»

«የማይፈርሙልህ ፈርተው ይመስልሃል አይደል?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የሲሚንቶ ማንሻ ማንካዋን ከውሃው አውጥታ በሱሪዋ ጠረገች። «በምሳ ሰዓት ወንድሞቼ ትለናለህ። ከምሳ በኋላ ተነሥተህ ሲባጎውን በዶን ኤላዲዮ ጣቶች ላይ ታነሣለህ። የትኛውን ቼስተር እንመን? ሳንድዊች የሚበላውን ነው ሲባጎ የሚያነሣውን?»

ቼስተር ፊቱ ጋለ። «አንቺስ? ሌላውን ጫፍ የምታነሺው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ግን እኔ ለማንም ወንድሜ አላልኩም። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ኬስለር አንሺ ሲለኝ አነሣለሁ፤ ቤቴ ስገባ ራሴን እሰድባለሁ፤ በቃ። ካርድ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ እንዳልባረር ነው። ከተባረርኩ ማን…»

«ይገባኛል። እኛም የምናነሣው እንዳንባረር ነው። ስለዚህ አንተም እንደ እኛው ነህ ማለት ነው፤ ካርዱን ወደ ኪስህ መልሰው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ሽማግሌውን ስለ አዳራሻችሁ ጠይቃቸው» አለችና ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

ቼስተር ዶን ኤላዲዮን አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሸኛቸው። ጎዳናው በቅጠል ተሸፍኗል፤ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ አንገት ያስደፋል። ስለ አዳራሹ በጠየቃቸው ጊዜ ሽማግሌው ለመመለስ አልቸኮሉም።

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። እዚህ ከመምጣቴ በፊት በአገሬ ቤተ ክርስቲያን ገንብቻለሁ። በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ‹የአባላት መዝገቡ ተዘግቷል› አለኝ። በወሩ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። እንደገና ሄድኩ፤ ተዘግቷል። በዚያው ሰሞን ማንካ እንዴት እንደሚያዝ የማያውቁ ሁለት ልጆች ገቡ። አንዱ የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ ነበር።»

ቼስተር ቆመ። ያንን የእህት ልጅ ያውቀዋል። መዝገቡ ሥራ እንዳይጣበብ ተብሎ ለውጭ ሰው እንዲዘጋ የተወሰነበትን ስብሰባም ያስታውሳል፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

«በዚያ ዓመት ይዘጋ ብለው እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነኝ» አለ።

«እርግጠኛ አልነበርኩም» አሉ ዶን ኤላዲዮ። «ግን ገምቼ ነበር።»

«በምን ገመቱ?»

«ዕድሜህን አሰላሁታ።»

አውቶቡሱ መጣ። ሽማግሌው የደረጃውን ብረት ይዘው፣ አንዱን ጉልበት ካንዱ እያስከተሉ፣ ወጡ። «እንግዲህ ደህና እደር» አሉት። በድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም፤ እሱ ለመስማት የፈለገው ይቅርታም አልነበረበትም።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በአራተኛው ረድፍ ላይ ፈጣኖቹ ጨርሰው ቀና አሉ። ኬስለር ከታች እጁን አወዛወዘ። ቼስተር ሲባጎው የታሰረበትን ምስማር በአውራ ጣቱ እንደ ጫነ ሳያነሣው ቆመ።

«ኖቪክ! ለምንድን ነው የማይነሣው?»

«ረድፉ አልሞላም።»

«ለእኔ ሞልቶ ይታየኛል!»

«ከታች ስለሆንክ ነው። ሁለት ጡብ ይቀራል፤ አሁን አንድ ሆነ።»

ኬስለር መሰላሉን ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእሱ በላይ ያሉት ሰዎች በየማታው ስልክ እየደወሉ ስንት ረድፍ እንደ ወጣ ይጠይቁታል፤ እሱም የተጠየቀውን ወደ ታች ያወርዳል። ወደ ሌላኛው ጫፍ ዞሮ «ቲብስ፣ አንቺ አንሺው!» ሲል ጮኸ።

ሮሼል የራሷን ጫፍ፣ ከዚያም የቼስተርን ጫፍ፣ ከዚያም ኬስለርን ተራ በተራ ተመለከተች። «ያኛው ጫፍ ታች ሆኖ ይሄኛው ከተነሣ ግንቡ ይጠማል። ጠማማ ግንብ ከፈለግህ በጽሑፍ ስጠኝ፤ እገነባልሃለሁ።»

በመወጣጫው ላይ አንድ ሁለት ሰዎች ሳቃቸውን በጓንታቸው አፈኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዶን ኤላዲዮ የመጨረሻውን ጡብ አስቀምጠው፣ የተረፈውን የሲሚንቶ ጭቃ፣ ማልታውን፣ በማንካቸው ጠርገው፣ ቀና አሉ። ቼስተርም «ተነሣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሮሼልም መለሰችለት።

ቀኑ በዚሁ አለፈ። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ሲሠሩ ትከሻቸው ላላ ብሎ ነበር። በቀኑ መጨረሻ የወጣው ረድፍ ከትናንቱ በአንድ ብቻ አነሰ።

ኬስለር ወሬ አላበዛም። «ነገ ማዕዘኑን ትሬንት ይይዛል» አለ። «አንተ መሃል ትገባለህ፤ ከሽማግሌው ጎን።»

ቼስተር ለሃያ ዓመታት ማዕዘን ሲይዝ ኖሯል። ማዕዘን የሚጠይቀው ጥንቃቄን ነው፤ መሃል የሚጠይቀው ደግሞ ፍጥነትን። ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው ረድፍ ጥርሱን ነክሶ እኩል ጨረሰ። በሁለተኛው ትከሻው መጠዝጠዝ ጀመረ። በሦስተኛው፣ ገና ሦስት ጡብ ሲቀረው፣ ትሬንት «ተነሣ!» አለ፤ ከወዲያ ሮሼልም፣ ማን እንደ ቀረ ከርቀቱ ሳትለይ፣ አነሣች። ሲባጎው በዓይኑ ፊት ወደ ላይ ሲሄድ ቼስተር እንደ ጅል ቆሞ አየው። ከዚያም ጎንበስ አለ፤ እጁን በሲባጎው ሥር አሾለከ። የግራና የቀኙ ሰዎች ጡብ እየወሰዱ በራሱ ላይ ሲያሳልፉ ማልታ ከአንገቱ ላይ ተንጠባጠበ። በሕይወቱ ስንት ሰው እንደ ቀበረ ለማስታወስ ሞከረ፤ ፊታቸው ግን አልመጣለትም። ማዕዘን ላይ የሚቆም ሰው የተቀባሪውን ጀርባ እንጂ ፊቱን አያይም።

በአራተኛው ረድፍ እንደገና ቀረ። ከጎኑ ዶን ኤላዲዮ የራሳቸውን ጨርሰው ነበር፤ እሳቸው ቀድመው የጨረሱበት ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። አንድ ጡብ አንሥተው ማልታ ቀቡና በቼስተር ክፍተት ውስጥ አስቀመጡት።

«ተዉ ግዴለም፣ እኔ…»

«ዝም ብለህ ማልታህን ዘርጋ» አሉት።

«ተነሣ!» አለ ትሬንት፤ የራሱንም ጫፍ አነሣ። ከመንገዱ በኩል መልስ አልመጣም። «ቲብስ! ተነሣ አልኩ እኮ!»

«ሰው ይቀራል» አለች ሮሼል። በዚህ ጊዜ አንገቷን አስግጋ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር እያየች ነበር።

«ማን?»

«ጳጳሱ!»

ሳቁ ከመወጣጫው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ትሬንት ግን አልሳቀም፤ የራሱን ጫፍ ከፍ አድርጎ እንደ ያዘ «ስለ አንድ ሰውዬ ቆመን ልንውል ነው?» አለ። በዚህ ጊዜ ከመሃል አንድ ሰው ማንካውን በማልታው ገበታ ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ። ማንም ምልክት አልሰጠም፤ ተራ በተራ፣ እየተያዩ፣ ሁሉም አስቀመጡ። የማንካ ድምፅ በጠፋ ጊዜ ነፋሱ መወጣጫው የተከለለበትን ላስቲክ ሲያርገበግበው ተሰማ።

ኬስለር መጣ። በየፊታቸው ተመለከተ፤ ቀጥሎም ቀና ብሎ ከሐይቁ በላይ የከበደውን ደመና ተመለከተ። ግድግዳው ከበረዶው በፊት ማለቅ እንዳለበት ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሃያ ሁለት ግንበኛ ከየትም እንደማይመጣ እንዲሁ።

«ትሬንት፣ አውርደው» አለ።

«አንተ ነህ እኮ ያልከኝ!»

«አሁንም እኔ ነኝ የምልህ። አውርደው፤ ይጨርሱ።»

ትሬንት ቀልቶ አወረደ። ቼስተር የመጨረሻውን ጡብ አስቀመጠ።

በምሳ ሰዓት ቼስተር አልተናገረም። ዶን ኤላዲዮ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «ካርዱን አሳየኝ።»

ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው በሁለቱም ገጽ አነበቡት፤ ከዚያም መለሱለት። «ይህን ብፈርም አሠሪው ፊት ማኅበርተኛ እሆናለሁ። አዳራሻችሁ ውስጥስ? መዝገቡ ክፍት ነው?»

ሁሉም እየሰማ ነበር። ቼስተር ክፍት ነው ማለት ይችል ነበር፤ ባለፉት አምስት ሳምንታት ቢሆን ይለውም ነበር። «አላውቅም» አለ። «ነገ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ስብሰባ አለን። ይምጡና አብረን እንጠይቅ።»

«ብቻዬን?»

«መምጣት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ።»

ቅዳሜ አሥራ አራት ሰዎች መጡ። ትሬንት አልመጣም። የካርታ ጠረጴዛቸውን ከበው የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሩ ተከፍቶ ሰው እየተከታተለ ሲገባ ቤት የተሳሳቱ መስሏቸው ዝም ብለው ተመለከቱ። ኖርበርት «ምንድን ነው ነገሩ? ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ግንበኞች ናቸው» አለ ቼስተር።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወንበር አልበቃም። ከምድር ቤት አወጡ፤ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠራርገው ተቀመጡ። ኖርበርት እንደ ወጉ ስብሰባውን ከፈተ። ዶን ኤላዲዮ ተነሥተው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲነበብላቸው ጠየቁ።

«የቱ አንቀጽ?»

«ሁሉም። የማላውቀው ቤት ገብቼ አልተኛም።»

ኖርበርት ደንቡን ለማግኘት ሦስት መሳቢያ ፈተሸ። ካገኘውም በኋላ እየተሰለቸ ማንበብ ያዘ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ቀነሰ፤ አዲስ አባል እንዲገባ፣ አመልካቹን የሚያውቁ ሁለት ነባር አባላት ተነሥተው ሊመሰክሩለት ይገባል ይላል።

«እዚህ ጋ ቁም» አለች ሮሼል። «ለካ ዶን ኤላዲዮን የመለሳቸው መስኮት ይሄ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ማን ይመሰክርለታል? ይሰረዝ።»

«ደንብ ለመለወጥ የሠላሳ ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል» አለ ኖርበርት። ለማደናቀፍ ብሎ አልነበረም፤ እንደዚያ የሚል አንቀጽ ነበረ።

«በሠላሳ ቀን ውስጥ ግድግዳው ያልቃል፤ እኛም አንኖርም» አለች።

ቼስተር ሰዎቹ ኮታቸውን መፈለግ እንደ ጀመሩ አየ። አሁን ከወጡ እንደገና አይመጡም፤ እነሱም አይፈርሙም፤ ይህ ቤትም ከካርታ ጠረጴዛነት አያልፍም። ተነሣ።

«ለኤላዲዮ ማይሶኔት እኔ እመሰክራለሁ» አለ። «ለሮሼል ቲብስም እመሰክራለሁ። ለአሥራ አራቱም፣ በየስማቸው፣ እመሰክራለሁ። ከእነዚህ ጋር አንድ ሲባጎ ላይ ሠርቻለሁ፤ ቀብሬአቸዋለሁም። ከሠላሳ ዓመት በፊት መዝገቡ ይዘጋ ብዬ እጄን አንሥቼ ነበር፤ እናንተም አብራችሁኝ አንሥታችኋል። ሁለተኛ መስካሪ እፈልጋለሁ።»

ማንም አልተነሣም። ኖርበርት ደንቡን አገላበጠ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ኦገስት የሚባል የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደንቡ ‹የሚያውቁ› ነው እኮ የሚለው» አለ። «እኔ እነዚህን ሰዎች ያወቅኋቸው ከአራት ሰዓት ወዲህ ነው።»

«ኦገስት፣ ለእኔ የመሰከርክልኝ አንተ ነህ» አለ ቼስተር። «ያን ዕለት ስንት ዘመን አውቀኸኝ ነበር?»

ሽማግሌው አሰበ። «አላውቅህም ነበር። አባትህ ነበር የነገረኝ፤ ልጄ ነው ብሎ።» ከዚያም ወደ ዶን ኤላዲዮ ዞሮ «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አላቸው።

ዶን ኤላዲዮ ግራ ተጋብተው ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉ። ኦገስት በጣቱ መዳፋቸውን፣ አውራ ጣታቸው ሥር በማንካ እጀታ የደነደነውን ቆዳ፣ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቁትን ጣቶች ዳሰሰ።

«በቃ፤ አውቃቸዋለሁ» አለ። «የሌሎቻችሁንም አምጡ። ኖርበርት፣ አንተ ጻፍ።»

ኖርበርት ጻፈ። አሥራ አራት ሰዎች በተራ እየመጡ እጃቸውን ለሽማግሌው አሳዩ፤ አንዳንዶቹ እየሳቁ፣ አንዳንዶቹ እያፈሩ። ሮሼል «ጥፍሬን ስላልተቀባሁ ይቅርታ» ብላ ኦገስትን አሳቀችው። ከዚያም ቼስተር ካርዶቹን አወጣ፤ በካርታው ጠረጴዛ ላይ ተፈረሙ። የሁሉም ፊርማ ተሰበሰበ፤ ሰኞ ማመልከቻው ይገባል።

ኖርበርት ስብሰባውን ሊዘጋ ሲል ሮሼል «ገና ነን» አለች። «ግድግዳው ላይ የሚወክለን ተጠሪ መመረጥ የለበትም?»

ቼስተር ሳያስበው በወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዶን ኤላዲዮ «ሮሼል ቲብስ» አሉ። ከየአቅጣጫው «እሷ፣ እሷ» የሚል ድምፅ ተከተለ። የእሱን ስም የጠራ አልነበረም። ነገሩ ቅር አሰኘው፤ ከዚያም ትክክል እንደ ሆነ ገባውና እጁን አነሣ። ትከሻው ስላመመው ያነሣው ግራውን ነበር።

ሰዎቹ ሲወጡ ሮሼል በሩ ላይ ጠበቀችው። «ሰኞ ትሬንትን ታነጋግረዋለህ» አለችው።

«እኔን? እሱ እኔን አይሰማኝም።»

«አይሰማህ ይሆናል። ግን አሁን በዚያ ማዕዘን ላይ የቆመው እሱ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚያውቀው ደግሞ አንተ ነህ። ሌላው ሰው ቢነግረው ይሰድበዋል።»

«ምን ልበለው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ካርድ ግን ይዘህ እንዳትሄድ።»

ቼስተር መኪናውን አስነሥቶ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ወደ ቤቱ አመራ። ቀትር ነበር፤ ውሃው ግራጫ ሆኖ ይናወጣል። ለትሬንት የሚለውን እየነዳ ጮክ ብሎ ሞከረው። መጀመሪያ የሞከረው ጥሩ ንግግር ነበር፤ ስለ ማኅበሩ ታሪክ የሚያወሳ። ተወው። ሁለተኛው ምክር ሆነበት፤ እሱንም ተወው። ከድልድዩ ሥር ሲያልፍ «እኔም ለሃያ ዓመት ሲባጎ አንሥቻለሁ» ሲል ጀመረ። ቀጥሎ የሚመጣውን ገና አላወቀውም፤ ይህኛውን አረፍተ ነገር ግን አልተወውም።